በማን እጅ ልለካው?

እንጨቱ ሲገነጠል ድምፁ ጥፊ ይመስል ነበር። ክሮቹን ከታች አንቆ የሚይዘው ጠፍጣፋ እንጨት፣ ብሪጅ የሚሉት፣ ከጊታሩ ሆድ ላይ ተፈንቅሎ ወደ ላይ ተስፈነጠረና አገጯን ለጥቂት ሳታት። ከዚያ በስድስቱ የብረት ክሮች ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ።

ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ጊታሩን ከጭኗ ሳታወርድ፣ ግራ እጇንም ከአንገቱ ላይ ሳታነሳ እንዳለች ቀረች። ብሪጁ የነበረበት ቦታ ቫርኒሽ ያልነካው ነጣ ያለ እንጨት ሆኖ ቀርቷል። ሙጫው ብቻውን አልለቀቀም፤ የእንጨቱን ቆዳ ስንጥር ስንጥር አድርጎ ይዞ ነው የወጣው።

"ደደብ" አለች። ይሄ ለራሷ ነበር። ትንሽ ቆየችና ደግማ "ደደብ" አለች። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ወዲያው አልለየላትም። ስድቡ የሚገባቸው ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱ ክሩን የሸጠላት፣ ሌላው ባሏ።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አራት ቀን መንገድ ላይ፣ ሁለት ቀን ቤት። ሰፈሩ ግን በሙያው አይጠራውም፣ "ማስትሮ" ነው የሚለው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ዘጠኝ ጊታሮች በዘጠኝ ምስማር ተሰቅለዋል። ማጉያ የሌለው ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር አለ። ከአሥራ ሁለት ክሮቹ ሰባቱ ብቻ የቀሩለት አለ። አንገቱ ጎብጦ "ይሄ እንኳ ብርቅዬ ነው" የሚባልለት አለ። እንግዳ ሲመጣ ማስትሮ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ እያንዳንዱን የት እንዳገኘው፣ ዋጋውን እንዴት አድርጎ እንዳስወረደ ይተርካል። መጨረሻ ላይ ሙሽሪት ጋ ይደርሳል። ሙሽሪት አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ለራሱ አሠርቶ ሳይጫወትባት የሞተባት፣ የናይለን ክር ያላት ቡናማ ጊታር ናት። ያወርዳትና ከመማሪያው መጽሐፍ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለችውን ዜማ እስከ ግማሽ ይጫወታል፤ ከዚያ "ዛሬ ጣቴ ደክሟል፣ መሪ ይዤ ነው የዋልኩት" ብሎ መልሶ ይሰቅላታል። እንግዳው ያጨበጭባል። ይህ ከተጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ዜማዋ ግን ግማሿን አላለፈችም።

አቧራውን የምታራግፈው እሷ ናት። ዘጠኙንም፣ በየሳምንቱ፣ በደረቅ ጨርቅ። "ቁልፏን እንዳታዞሪ፣ ክሯን እንዳትጎትቺ፣ አደራ እንዳትጥያት" ይላታል፤ መንገድ በወጣ ቁጥር፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከ"ደህና ሁኚ" በፊት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስፌት ጠፍቶ እጇን አጣጥፋ በተቀመጠችበት ሰሞን፣ እልህ ያዛትና መጽሐፉን ከገጽ አንድ ጀመረችው። ማስትሮ ሲወጣ ሙሽሪትን ታወርዳለች፣ የመኪናው ጥሩምባ ከታች ሲሰማ ትሰቅላለች። አሁን ገጽ ዘጠና ሁለት ላይ ናት። መጽሐፉ ዘጠና ስድስት ገጽ ነው።

የግራ እጇ አራት ጣቶች ጫፋቸው ደድሯል። አንድ ቀን ባሏ እጇን ይዞ አየና "መርፌው ነው አይደል? የጣት ቆብ አድርጊ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ" አላት። መርፌ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ አልጠየቀም። ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል።

ስልኩ ጠራ። እሱ ነበር።

"እንዴት አደርሽ? አመሻሹ ላይ እገባለሁ" አላት፤ ከጀርባው የሞተር ጩኸት አለ። "ስሚ፣ አንድ ምስማር ምቺልኝ። ከሙሽሪት በስተቀኝ። ጠበቅ አድርገሽ ምቺው፣ ከባድ ናት።"

"ማን ናት ከባድ?"

"አሥረኛዋ" አለና ሳቀ። "ብታያት ትወጃታለሽ። ሰውየው ምን እንደያዘ አያውቅም፣ እንዲሁ በነፃ በለው።"

የስፌት መኪናዋ ሞተር ከተቃጠለ አሥር ወር ሆኖታል። "ትንሽ ታገሺ፣ አሁን እጄ ላይ ምንም የለም" ብሏት ነበር። ስምንተኛዋና ዘጠነኛዋ ጊታር የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ እስከ ዛሬ በእግሯ እየረገጠች ትሰፋለች፤ ማታ ማታ ጉልበቷን ታሻለች።

"እሺ" አለችና ስልኩን ዘጋች። ምስማር ግን አልመታችም።

ሙሽሪትን አንዲት ደንበኛ አሠርታ ባልወሰደችው የመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልላ ደረጃውን ስትወርድ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ጡረተኛዋ መምህርት በራቸውን ከፍተው ቆመው አገኘቻቸው። እጃቸው ላይ ያልታጠበ ብርጭቆ ይዘዋል፤ ሥራቸውን አቋርጠው የወጡ ይመስላሉ።

"ዛሬ ምነው መሃል ላይ ተቋረጠ?" አሉ። "ያቺን ረጅሟን ጀምረሽልኝ ነበር።"

"ምኗን እትዬ?"

"ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁት ከሥራ ነው እንጂ ከጆሮዬ አይደለም። መኪናው በር ላይ ሳይኖር የሚሰማው ጊታር የማን እንደሆነ ከጠፋኝማ ምኑን ጎረቤት ሆንኩ።"

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። መምህርት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ጎንበስ ብለው አዩ።

"ውይ። ማስትሮ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ዛሬ።"

"በይ ተመለሽ። በሙጫ ለጠፍ አድርጊና ስቀያት። አንድ ቀን ሲነካት ትነቀላለች፣ ሙቀቱ ነው ይላል፣ አለቀ። እሱ እንደሆነ ከምኑም የለበት፣ ምን ያውቃል ብለሽ ነው? ሆድ ይፍጀው በይ፣ ልጄ። ትዳር እንዲህ ነው።"

ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚሠራ ምክር ነበር። ያናደዳትም ይሄው ነው። ማስትሮ ምንም እንደማያውቅ ፎቁ ሁሉ ያውቃል፣ ያም ሆኖ ማስትሮ የሚባለው እሱ ነው። እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጫወት አንድ ሰው እንኳ ደረጃ ላይ አስቁሞ "ጎሽ" ያላት የለም። እኚህ ሴትዮም ቢሆኑ በራቸውን ዘግተው ነው የሰሟት።

"ሆዴ ሞልቷል እትዬ፣ ሌላ የሚፈጅበት ቦታ የለውም" አለችና ወረደች።

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ሻጩ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያሰረ፣ በጆሮው እርሳስ የሰካ ወጣት ነው፤ ደንበኛ ሲገባ እጁ ላይ ያለውን ጊታር አንድ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ሳያደርግ ሰላም አይልም። ዛሬም ነካ ነካ አደረገና "ጤና ይስጥልኝ የኔ እናት" አላት። እሷ ሰላምታውን ሳትመልስ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ፈታችው።

"ኧረ ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"ያንተ ክር ነው ጉድ ያደረገው።"

ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየ። "እንዴ፣ ይሄ እኮ የናይለን ጊታር ነው። እዚህ ላይ ብረት ይወጠራል እንዴ? ብረት አጉል ይስባል፣ ይሄ ደግሞ ሆዱ ስስ ነው። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"አንተ ነሃ።"

"እኔ ጊታሩን መች አየሁት?"

አላየውም፤ እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሙሽሪት አራተኛ ክር ተበጥሶ መጥታ ነበር። "ናይለን አለህ?" ብላ ነው የጠየቀችው። "ናይለኑ አልቋል፣ ብረቱ ይሻልሻል፣ ድምፁ ይጎላል። ለማን ነው?" አላት። የተሳሳተችው ያኔ ነው። "ለባለቤቴ ነው" አለች። "ጊታሩ ምን ዓይነት ነው?" ሲላት ደግሞ፣ "እኔ ምን አውቄ፣ እሱ ነው የሚያውቀው" ብላ አረፈችው። ክር በጣቷ ዳብሳ ጥጥ ይሁን ሐር የምትለይ ሴት፣ ለደንበኛ ሁሉ "ለስስ ጨርቅ የጂንስ ክር አይሆንም፣ ይቀደዳል" እያለች የምታስተምር ሴት፣ የምታውቀውን ሁሉ ደጅ ጥላ ነው ወደዚህ ሱቅ የገባችው። ክሮቹን ስትወጥር የሙሽሪት ሆድ እያበጠ መሆኑን አይታለች። ከሰው ፊት "አላውቅም" ብላ ስለነበር፣ ቤቷ ገብታም አላውቅም አለች።

"ናይለን ብዬህ ነበር" አለች።

"ብለሽ ይሆናላ። ግን ለባለቤቴ ነው፣ እኔ አላውቅም አልሽኝ። አላውቅም ያለኝን ሰው ምን ብዬ ልመነው?"

ይሄ ከሁሉ የባሰው ነበር፣ ምክንያቱም እውነት ነበር። ፊቷ ጋለ። እርሳስ የሰካበትን ጆሮውን ይዛ ብትጎትተው ደስ ባላት።

"አውቅ ነበር" አለች። "ያኔም አውቅ ነበር፣ ዋሽቼህ ነው። አንተ ግን ናይለን ስላለቀብህ ነው ብረት የሸጥክልኝ። የሌለህን የለኝም ማለት ምን ያስፈራሃል?"

ሻጩ እርሳሱን ከጆሮው አወረደና መልሶ ሰካው። "ናይለኑ ትናንት ገብቷል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ ልስጥሽ፣ በነፃ።"

"ስጦታ አልፈልግም። ለውጥልኝ።"

ቁልፎቹን እያዞረች የብረት ክሮቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ብሪጁ ላይ ስትደርስ እያንዳንዱን በቀዳዳው አሹልካ አወጣችና ጠቅልላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እጇ ፈጣን ነበር፤ ሻጩ ዓይኑን ከእጇ አልነቀለም። ናይለኑን ሲሰጣት "ከገበያው ጀርባ አንድ አናጺ አሉ፣ የዚህ ነገር መድኃኒቱ እሳቸው ጋ ነው" አላት፤ "የኔ እናት" ሳይል።

አናጺው በርና መስኮት ይሠራሉ። ጊታር የሚጠግኑት ለነፍሳቸው ነው ይባላል። በራፋቸው ላይ ያልተገጠሙ ሁለት የበር ቅጠሎች ተደግፈው ቆመዋል፣ ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ፍቅፋቂ ነው። ሙሽሪትን ጨርቁ ሳይገለጥ በቅርጿ ያወቋት ይመስል እጃቸውን ዘረጉ።

"ይቺን አውቃታለሁ" አሉ። "የማስትሮ ናት። አንድ ስድስት ዓመት ይሆናል፣ ቁልፏ አልዞር ብሎ አምጥቷት ነበር። አንቺ ባለቤቱ ነሽ?"

"ነኝ ጋሼ።"

የተነቀለውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ብረት ክር እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው አወቁ፣ ምላሳቸውን ጠጥ አደረጉ። ከዚያ ጊታሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው አንገቱ ላይ በተርታ የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን፣ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ በጥፍራቸው ነኩ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመለሱና ደግመው ነኩ።

"ኧረ ማስትሮ" አሉ ለብቻቸው። ፊታቸው በራ። "ነይ ተመልከቺ። ያኔ እኔ ጋ ስትመጣ ፍሬቶቿ ያልተነኩ ነበሩ፣ ገና ከፋብሪካ እንደወጣች። አሁን አምስተኛው ጎድጉዷል፣ ሰባተኛውም፣ ዘጠነኛው ሳይቀር። ጀማሪ እዚህ አይደርስም፤ ጀማሪ ታች ሦስቱ ላይ ነው የሚንደፋደፈው። ይሄ ሰው ለልምምድ ተቀምጧል። በየቀኑ ነው የተቀመጠው።"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። የሚወጣው ቃል "እኔ ነኝ" የሚል ሁለት ቃል ነበር።

"ኮርቼበታለሁ በይልኝ" አሉ አናጺው። "ሰው ሁሉ ሲስቅበት እኔም እስቅ ነበር፣ አልዋሽሽም። ዛሬ ግን አፈርኩ። ትነግሪዋለሽ?"

"እነግረዋለሁ" አለች።

"አምስት ቀን ይፈጃል። ስንጥሩን መልሼ፣ አጣብቄ፣ በሞርሳ አስሬ አሳድራታለሁ። ክሮቹ የሚያርፉባት ይቺ አጥንት ደግሞ ተሰብራለች፣ አዲስ እሞርዳለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል ከፍ ይበልለት? ዝቅ ካለ ጣት አይደክምም፣ ጠንክሮ ለሚመታ ሰው ግን ክሩ ይንጫጫበታል። ይሄ ነገር በግምት አይሆንም፣ እንደ ጫማ ነው፣ በባለቤቱ ነው የሚለካው። አንቺን ምን አስቸገርኩሽ፣ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ፣ ቁጥሩ አለኝ።"

"እሺ ጋሼ" አለች።

መንገድ ላይ ስትወጣ ነው ንዴቱ የመጣው፤ እንደ ትኩሳት፣ ከእግሯ ጀምሮ። ሦስት ዓመት። ጥፍሯን በግራ እጇ እያሳጠረች፣ በቀኝ እጇ እያሳደገች፣ "ምነው በአንድ እጅሽ ብቻ ጥፍር?" ለሚሏት ደንበኞች "ስፌት ለመፍታት ይመቸኛል" እያለች። ጣቷ ደምቶ፣ ሽፍን አድርጋ በማግሥቱ ደግማ። ሥራዋን ብረት ላይ ቀርጻ ጽፋለች፣ አንድ የሚያነብ ሰው ተገኝቶ አንብቦታል፣ እና ያነበበው ሌላ ስም ነው። እሷ ደግሞ ቆማ "እሺ ጋሼ" ብላለች። ከጠዋት ጀምሮ ለስንተኛ ጊዜ ነው እሺ ያለችው? አውቶቡሱ መጣ፣ አልተሳፈረችም። እየተራመደች፣ ሰው እየገፋች፣ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች።

አመሻሹ ላይ ጥሩምባው ሁለቴ ሲጮህ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። አልተነሳችም። ማስትሮ ረጅሙን የጊታር ሳጥን በበሩ አግድም ማስገባት አቅቶት፣ ዞሮ በጀርባው ገባ። ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ ግን ፈክቷል።

"ምስማሩን መታሽው?" አለ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ስምንት ጊታርና አንድ ባዶ ምስማር። "አሃ፣ ቦታ ለቀሽላት። ሙሽሪትን የት አደረግሻት?"

"አናጺው ጋ ናት።"

ሳጥኑን ሶፋው ላይ ቀስ አድርጎ አስተኛው። "ወደቀች?"

"አልወደቀችም።"

"አቧራ ስታራግፊ ጥለሻታል። ጥለሻት ነው። አደራ ብዬሽ።"

"አልጣልኳትም። ስጫወት ብሪጇ ተነቀለ። የብረት ክር አድርጌባት ነበር።"

ማስትሮ ሳቅ ብሎ ጀመረና እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ተወው።

"ማን ሲጫወት?"

"እኔ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።"

ወዲያው አልጮኸም። መጀመሪያ ጃኬቱን አወለቀ፣ ወንበር ላይ አንጠለጠለ፣ ከዚያ ነው የጮኸው። "ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ጎማ ስቀይር፣ አቧራ ስበላ፣ አንቺ እዚህ ከጀርባዬ... ደግሞ ብረት። ያቺን የመሰለች ዕቃ ላይ ብረት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም አሉ። ናቅሽኝ በቃ። በገዛ ቤቴ ናቅሽኝ።"

"ብረቱ የእኔ ጥፋት ነው" አለች፤ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። "እሱን እቀበላለሁ፣ ማሠሪያውንም እኔ እከፍላለሁ። አጥር የምትለውን ግን በየሳምንቱ ማን ነው የሚያራግፈው? ዘጠኝ ጊታር አለህ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። ዛሬ ደግሞ አሥረኛ። እኔ አሥር ወር ሙሉ መኪና እረግጣለሁ፣ አንተ ለማትነካው ነገር ምስማር ምቺ ትለኛለህ።"

"ሞተሩን እገዛለሁ አላልኩሽም?"

"ብለሃል።"

"እሺ" አለ ማስትሮ። ቀዩን ጊታር ከምስማሩ አወረደና ወደ እሷ ዘረጋው፤ አፉ ጠመም ብሏል። "ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ አላልሽም? ተጫወቺና እንስማሽ።"

"አልጫወትም።"

"አትችይማ።"

"እችላለሁ። አንተ ስላልከኝ ግን አልጫወትም። እኔ ለእንግዳ የምወርድ ዕቃ አይደለሁም።"

ቀዩ ጊታር በሁለቱ መካከል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማስትሮ መልሶ ሰቀለው። ሶፋው ላይ፣ ከአሥረኛዋ ሳጥን አጠገብ፣ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ድምፁ ወርዶ።

"ብነግርህ ምን ትል ነበር?"

አሰበ። በሐቅ ነው ያሰበው፣ ይሄን አልካደችውም። "አትንኪ እል ነበር" አለ። ከዚያ መሪ ያደነደናቸውን ወፍራም ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። "እኔ እኮ ሞክሬ ነው። አንዷ ክር ላይ ሳስቀምጠው ሁለቱን ይይዛል። ሌላ ብገዛ፣ አንገቷ ሰፋ ያለች ባገኝ እላለሁ... ከልጅነቴ ጀምሮ ይሄን ነገር እንደምፈልገው ሌላ ምንም አልፈለግኩም።"

አሳዘናት። ልትናገረው የነበረውን ሌላ ክፉ ቃል ዋጠችው። ለአፍታ ያህል ተነስታ ውሃ ልትሰጠው አሰበች። ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። ማስትሮ መኪና ውስጥ እንደለመደው ድምፁን ከፍቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ማስትሮ፣ አናጺው ነኝ። ባለቤትህ ሙሽሪትን አምጥታልኛለች፣ ነገረችህ?"

"አዎ ጋሼ፣ ነግራኛለች።"

"አይዞህ፣ ትድናለች። እኔ ግን የደወልኩት ለሌላ ነው። አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ምስጢረኛ ነህ? ፍሬቶቹን አየኋቸው እኮ። ዘጠነኛው ድረስ ወጥተሃል። ሰው ሁሉ ሲቀልድብህ አንተ ለካ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ትማር ነበር። ኮራሁብህ፣ እውነቴን ነው።"

ማስትሮ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። እሷም አየችው። ጠበቀች። አሁን ያውቃል፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ከአፏ ሰምቷል፣ የሚጠበቅበት ትንሽ ቃል ናት።

"ኧረ እንሞክራለን ጋሼ" አለ፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ ሳጥኑ ላይ ጣለ። "ያው መንገዱ ጊዜ አይሰጥም እንጂ።"

ከጠዋት ጀምሮ ተናድጄያለሁ ብላ ነበር። አልተናደደችም ነበር፤ ያ ሁሉ ማሟሟቂያ ነው። አሁን ግን የክፍሉ ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ታያት፤ ስምንቱ ጊታር፣ ባዶው ምስማር፣ የባሏ የጎበጠ ትከሻ።

"እና ክሩን ከፍ ላድርገው ዝቅ?" ይላሉ አናጺው። "በእጅህ ልለካው ነው።"

"እ... መካከለኛ ያድርጉት።"

"መካከለኛ ምን ማለት ነው? ቀኝ እጅህ ከባድ ነው ቀላል? በጥፍር ነው የምትጫወተው በሥጋ?"

ማስትሮ ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው።

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ መጣችና መዳፏን ዘረጋች። "ስልኩን ስጠኝ" አለች። አልነጠቀችውም። ቆማ ጠበቀችው። ማስትሮ ስልኩን እያየ ቆየ፣ ከዚያ መዳፏ ላይ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ያመጣኋት" አለች። "የምጫወተው እኔ ነኝ። ፍሬቱንም ያጎደጎድኩት እኔ ነኝ። ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር፣ ዋጥኩት።"

ከወዲያ አንድ እንጨት ሌላ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

አናጺው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቀኝ እጅሽ እንዴት ነው?" አሉ።

"ቀላል ነው። በጥፍር ነው የምጫወተው። ዝቅ ያድርጉት፣ ትንሿ ጣቴ አጭር ናት፣ ከፍ ሲል አትደርስም። ነገ ጠዋት ልምጣና በእጄ ይለኩት።"

"በማለዳ ነይ፣ አጥንቱን ሳልሞርደው። ጥፍርሽን እንዳትቆርጪ።"

ስልኩን ሶፋው ላይ አኖረችው። ማስትሮ አንገቱን አላቀናም፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ "እኔ እንኳ..." አለና እዚያው ላይ ቀረ።

እሷ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ጉጠቱን አወጣች፣ ወንበር ስባ ወጣችበትና የሙሽሪትን ምስማር ይዛ ወዘወዘችው። አሥራ አንድ ዓመት የተመታ ምስማር ነው፣ በቀላሉ አልለቀቀም። ሲወጣ ከግድግዳው ጥቂት ኖራ ይዞ ወጣ። ወርዳ ባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"አሥረኛዋን በዚህ ስቀላት" አለችው። "ሙሽሪት ከእንግዲህ አትሰቀልም።"

ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመልሳ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። ለነገ የተቀጠረ መጋረጃ ነበር፣ ጠርዙ ገና አልተሰፋም።